ባቡሩ ነው የደረሰው

ጅዳ፣ ሱለይማንያ ሰፈር ካለው የሐረመይን ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኋቸው። ከወሎ ለዑምራ የመጡ የጎረቤቴ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ሥራ ላይ ስለነበረች ሻንጣና ትኬት የመያዙ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ መካ አልገባም። ስለዚህ አብረዋቸው ለሚሄዱት ሁለት ሴቶች አደራ ብዬ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ሻዬን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። "ደረስን ልጄ" አሉኝ። እሰይ፣ እንኳን ደረሱ ልል አፌን ስከፍት አቋረጡኝ። "ኧረ ቆይ፣ እኔማ ገና ነኝ። ባቡሩ ነው የደረሰው።" ስልኩ ተዘጋ።

ነገሩ ቀላል ማብራሪያ አለው። የመካው ጣቢያ ያለው ሩሰይፋ ሰፈር ነው፣ ከታላቁ መስጊድ፣ ከሐረሙ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ። ከባቡር የወረደ ሰው አውቶቡስ መያዝ፣ ከአውቶቡስ የወረደ ደግሞ በእግሩ መግባት አለበት። እማማ ያሉት ይህንኑ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ሰውን ሊያደርስ የተሠራ ነገር ራሱ ደርሶ ሰውየው ካልደረሰ፣ የደረሰው ምንድን ነው? ጥያቄውን ብንገለብጠውም ያው ነው፦ መንገዱ ሳይደርስ ሰው ሊደርስ ይችላል ወይ? ከዚያች ቀን ወዲህ ስለ ባቡር ያነበብኩትም ሆነ የሰማሁት ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ይወድቅብኛል።

"ደረሰ" ብዙ ጓዝ ያለው ግስ ነው። መንገደኛ ይደርሳል፣ ምሳ ይደርሳል፣ ተራ ይደርሳል፣ ልጅ ለአቅመ አዳም ይደርሳል። ጤፉ ከተዘራበት ማሳ ንቅንቅ ሳይል ደረሰ ይባላል። መጽሐፍ የጻፈም ሰው ደረሰ እንለዋለን፤ ደራሲነት የመጣው ከዚያ ነው። መከራ በሰው ላይ ይደርሳል፣ ወገን ለወገኑ ይደርስለታል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በእርግጥ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው መንገደኛው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የቀረው ባለበት ሆኖ፣ ሊሆን ያለውን ሲሆን ደረሰ ይባላል። በዚህ ሚዛን እማማ እውነታቸውን ነው። ብረቱ ቦታ ለውጧል፣ ነገር ግን አልበሰለም፤ የሚበስል ነገር የለውም። እርሳቸው ደግሞ መካ ውስጥ ቆመው ገና ጥሬ ናቸው። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ወዲያው እጠራጠራለሁ። በአንድ ግስ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ክርክር አላምንም። ቋንቋ ሌላ ቃል ሲያጣ ብዙ ነገር በአንድ አህያ ይጭናል፣ እኛ ደግሞ ጭነቱን አይተን ፍልስፍና እንለዋለን። ስለዚህ ቃሉን ትቼ ወደ ብረቱ መሄድ አለብኝ።

ዛሬ እዚህ አገር ባቡር ሲባል ሰው የሚያስበው ይህን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚከንፈውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 (ዓመቶቼ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ተመርቆ መካን፣ ጅዳንና መዲናን በ450 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያገናኘውን። ከእርሱ በፊት ግን መካ ሊገባ ታስቦ መካ ያልገባ ሌላ ባቡር ነበር። የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ አብዱልሐሚድ በ1900 የሒጃዝ ባቡር እንዲሠራ አዘዙ። ሐሳቡ ከደማስቆ መዲና፣ ከመዲና መካ፣ ከመካም አንድ ቅርንጫፍ ወደ ጅዳ ወደብ ነበር። ማይስነር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ሥራውን መራው፤ ድንጋይ የፈለጠውና ሐዲድ ያነጠፈው በአብዛኛው የኦቶማን ወታደር ነው። ባቡሩ በ1908 መዲና ገባ። 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በግመል 40 ቀን ገደማ ይፈጅ የነበረ መንገድ፣ ሦስት ቀን ሆነ። እዚያም ቆመ። ዓመት ሳይሞላ ሱልጣኑ ከዙፋናቸው ወረዱ። በ1916 የመካው ሸሪፍ ሑሴን በኦቶማን ላይ ሲነሱ ሐዲዱ የፈንጂ መለማመጃ ሆነ፤ መዲና በፋኽሪ ፓሻ እጅ እንደተከበበች እስከ 1919 መጀመሪያ ዘለቀች። ከጦርነቱ በኋላ የደቡቡ ክፍል በረሃ ላይ ተተወ።

እንግዲህ ይህ ባቡር ደረሰ ወይስ አልደረሰም? ስሙን ካየን አልዋሸም። "የሒጃዝ ባቡር" ነው የተባለው፣ መዲናም የሒጃዝ ከተማ ናት። መካን በስሙ ውስጥ የጨመረለት የሰሚው ናፍቆት ነው። ይህን ሳስብ የአሜሪካ የ19ኛው መቶ ዘመን የባቡር ኩባንያዎች ትዝ ይሉኛል። ካንሳስ ውስጥ ሳይረስ ሆሊዴይ የተባለ ሰው በ1859 ሁለት ትናንሽ ከተሞችን፣ አችሰንንና ቶፒካን፣ ሊያገናኝ የመሠረተው ኩባንያ በ1863 ስሙ ላይ "ሳንታ ፌ" ጨመረ። ከተማዋ ያኔ ከእርሱ እጅግ ሩቅ ናት። በ1880 ሐዲዱ እስከዚያ ሲዘልቅ ዳገቱ አስቸገረና ዋናው መስመር ሳንታ ፌን ወደ ጎን ትቷት አለፈ፤ ላሚ ከምትባል ጣቢያ አንድ ቅርንጫፍ ተቀጠለላት። ያም ሆኖ ዓለም ኩባንያውን "ሳንታ ፌ" ብሎ ነው የሚያውቀው። በ1871 የተቋቋመው "ቴክሳስና ፓሲፊክ" ደግሞ ፓሲፊክ ውቅያኖስን አንድም ቀን አላየም። እዚያ ስም የአክሲዮን መሸጫ ነበር። ገዢው የገዛው ሐዲድ አይደለም፤ ገና ያልተነጠፈውን፣ ምናልባትም የማይነጠፈውን ነው። ደረሰ የሚባለውም ባቡሩ ውቅያኖስ ሲነካ ሳይሆን ትርፍ ሲከፈል ነው።

የሒጃዙ ግን እንዲህ ባለ ሚዛን አይመዘንም። አክሲዮን አልነበረውም። ገንዘቡ ከሙስሊሙ ዓለም የተዋጣ ነው፣ ከሕንድ ሳይቀር፤ ለሰጠ ሰው ሜዳሊያ ይሰጠው ነበር። (የኦቶማን መንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ተቆርጦበታል፤ ያንን መዋጮ ማለት ለእኔ ይከብደኛል።) እስቲ ሕንድ ውስጥ አንድ ሳንቲም የሰጠ ሰው እናስብ። እርሱ ራሱ ባሕር ተሻግሮ ጅዳ ከመውረድ በቀር በዚህ ባቡር አይሄድም፤ ከሕንድ ሲመጣ ደማስቆ መንገዱ አይደለችም። የማይሳፈርበትን ባቡር፣ የማያየውን በረሃ ያቋርጥ ዘንድ ከፈለ። ሳንቲሙ ምናልባት አንድ ብሎን ሆነች፣ ብሎኗም ከመካ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ቀረች። ሥራ በኒያ፣ በልብ ሐሳብ፣ ይመዘናል በሚል ሃይማኖት ውስጥ ይህ ሰው ተሸንፏል ለማለት አይቻልም። የአሜሪካው ባለአክሲዮን ዋናው መስመር ሳንታ ፌ ባይገባም ትርፉ ከተከፈለው ይበቃዋል፤ ሕንዳዊው ባቡሩ መካ ባይገባም የልቡን አድርሷል። የሁለቱ አለመድረስ አንድ ዓይነት ይመስላል፣ ግን አንደኛው ስሙን ብቻ ነው ያጎደለው፣ ሁለተኛው ስሙን ሳይሆን መንገዱን ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደጎደለ ለመወሰን ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ለምን አልደረሰም ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ግመለኞቹ ናቸው። በመዲናና በመካ መካከል የሚኖሩ ጎሳዎች፣ በተለይ ሐርብ የሚባሉት፣ ሐጃጁን በግመል እያጓጓዙና ለማሳለፊያ እያስከፈሉ ይኖሩ ነበር። ባቡሩን ተቃወሙ፣ ሠራተኞቹንም አጠቁ። የመካው ሸሪፍም ሐዲዱ ከገባ የኢስታንቡል ወታደር አብሮ እንደሚገባ ያውቁ ነበር። ጸሐፊዎች ይህን ሲተርኩ ግመለኛውን ሥልጣኔ ያልገባው አድርገው ነው የሚያልፉት። እኔ ግን ጠበቃ ልሆንለት እፈልጋለሁ። ለባቡር፣ በመነሻና በመድረሻ መካከል ያለው ሁሉ እንቅፋት ነው፤ ጥሩ ባቡር የሚባለው መካከሉን ያሳጠረ ነው። ግመለኛው ግን የሚኖረው መካከሉ ውስጥ ነው። ለእርሱ መንገድ ማለት ጉድጓድ፣ ውል፣ የውሃ ዋጋ፣ የእገሌ ልጅ የሚጠብቀው ሸለቆ ነው። "ቶሎ እንድረስ" የሚለው ቃል ለተሳፋሪው በረከት፣ ለእርሱ ደግሞ አገርህ አያስፈልግም የሚል አዋጅ ነበር። መካከል የሌለው መድረስ ምን ዓይነት መድረስ ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ዛሬ ከጅዳ መካ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ለሚገባ ሰው ከባድ ጥያቄ ነው። ተሳፋሪው አቧራ አልነካውም፣ ጥማት አልያዘውም፣ ስልኩን አይቶ ቀና ሲል መካ ናት። እማማ "እኔማ ገና ነኝ" ያሉት ምናልባት ይህችን የጎደለች መካከል ፈልገዋት ይሆን?

ደስ የሚለው ነገር ግመለኛው በቃሉ አሸንፏል። በዐረብኛ ባቡር ቂጣር ነው፤ ቂጣር ደግሞ በመጀመሪያ ትርጉሙ አንዱ ከአንዱ ጭራ ጋር ታስሮ በሰልፍ የሚሄድ የግመል ተርታ ነበር። ብረቱ ግመሉን ከሥራ ሲያባርር ስሙን ወርሶ ቀረ። እኛ "ባቡር" ያልነው ለእንፋሎት መርከብ ከሚሠራበት ቃል ነው፤ የየብሱ ሲመጣ "የምድር ባቡር" ብለን ለየነው፣ ወፍጮውንም ባቡር አልነው። ለእኛ ስሙ ከጭሱና ከሞተሩ መጣ፣ ለዐረቡ ከሰልፉ። ሌላም አለ። ነጋዴን ሰብስቦ የሚሄደውን ጉዞ የእኛ የድሮ ሰዎች ቅፍለት ይሉታል፤ ከዐረቦቹ ቃፊላ ጋር ዘመድ ይመስላል። የቃፊላ ግንድ ደግሞ "ተመለሰ" ማለት ነው። የዐረብኛ መዝገበ ቃላት አዋቂዎች ሲያስረዱ፣ ገና የሚወጣውን ቅፍለት "ተመላሽ" ያሉት ለመልካም ምኞት ነው ይላሉ። ባቡር የሚጠራው በሚደርስበት ከተማ ነው፤ ቅፍለቱ ግን በመመለሱ ተጠራ። ይህን ያወቅሁ ቀን የጥያቄዬ ወለል ትንሽ ተነቃነቀብኝ፦ እስካሁን መድረስን የመንገዱ ጫፍ ላይ ነበር የምፈልገው።

ወደ አገሬ ልመለስ፤ ምክንያቱም የእኛም ባቡር ይህንኑ ታሪክ በራሱ ቋንቋ ተናግሮታል። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ የመጀመሪያው ትልቅ መዳረሻ ሐረር ነበረች። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ተራራው ሥር ሲደርስ ዳገቱን መውጣት ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሆነ። ኩባንያው ሐረርን ከላይ ትቷት በቆላው አለፈ፤ በ1902 ማብቂያም ሜዳ ላይ ጣቢያ ተከለ፤ "አዲስ ሐረር" ተባለች። ሕዝቡ ድሬዳዋ አላት። ሕዝቡ ልክ ነበር። ያች ጣቢያ የማንም አዲስ አልነበረችም፤ ባቡሩ ሊደርስ ያልቻለበት ዳገት የወለዳት ራሷን የቻለች ከተማ ናት። በኋላ ሐዲዱ ቀጥሎ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፣ ሐረር ግን እንደተቀመጠች ቀረች።

መካና ሐረር፦ ሁለቱም ለባዕድ በራቸውን የዘጉ የእስልምና ከተሞች፣ ሁለቱም ያኔ ባቡር ሊገባባቸው ታስቦ ሳይገባባቸው የቀረ። ሁለቱንም የረገጠ አንድ እንግሊዛዊ አለ፣ ሪቻርድ በርተን። በ1853 ራሱን ለውጦ እንደ ሐጃጅ መካ ገባ። በ1855 መጀመሪያ ሐረር ገባ፤ እዚህኛው ጉዞ ላይ በዐረብ ነጋዴ መልክ ተነስቶ ከተማዋ ስትቀርብ እንግሊዛዊነቱን ገልጦ ነው የገባው። በርተን መካ ደርሷል? እግሩ ደርሷል፣ ከዕባን አይቷል፣ ጽፏልም፤ በድርሰት ትርጉሙማ በደንብ ደርሷል። ነገር ግን ከዕባ ፊት የቆመው ሰው በርተን ካልሆነ፣ ደረሰ የምንለው ማንን ነው? ሐረር ላይ ቢያንስ የገባው ራሱ ነበር። ይህን የምለው በሰውየው ለመፍረድ ብቻ አይደለም፤ በስማቸው ሆነው በሩ ላይ የቀሩም አሉ። ከአል-ዑላ በስተደቡብ ያለውን የሒጃዝ ሐዲድ ሙስሊም ያልሆኑ መሐንዲሶች እንዳይሠሩት ተከልክሎ ስለነበር የመጨረሻውን ክፍል የሠሩት ሙስሊሞቹ ናቸው። ስድስትና ሰባት ዓመት በረሃ የለፋ ጀርመናዊ ሥራው ወደ መዲና ሲሄድ ቆሞ ያያል። እኔም ሱለይማንያ ጣቢያ ላይ፣ የሰሌዳው ጽሑፍ "መካ" ሲል፣ የእርሱን ቦታ ይዤ ነበር። ይህ ቅሬታ አይደለም። ስሙን ለውጦ ከሚገባ ሰው ይልቅ በስሙ ቆሞ የሚሸኝ ሰው ለመካ ይቀርባል የሚል ጥርጣሬ አለኝ፣ ምንም እንኳ ጥርጣሬው ለራሴ የሚያደላ መሆኑን ባውቅም።

ከጅዳ ወደ መካ በአሮጌው መንገድ ሲኬድ፣ ከተማው ከመድረሱ በፊት ሹመይሲ የሚባል ቦታ አለ። ድሮ ሑደይቢያ ይባል ነበር። በ628 ነቢዩ መሐመድ ከ1,400 ያህል ተከታዮቻቸው ጋር ዑምራ ሊያደርጉ መጥተው የመካው ጎሳ ቁረይሾች ከለከሏቸው። በዚህ ዓመት ተመልሰው በሚቀጥለው እንዲመጡ ውል ተፈረመ። ከሰዎቻቸው ብዙዎቹ ተቆጡ፤ ለከዕባ ያመጡት መሥዋዕት አጠገባቸው ቆሟል፣ ከተማዋ ቅርብ ናት። ነቢዩ ግን እዚያው የቆሙበት መሬት ላይ መሥዋዕቱን አረዱ፣ ፀጉራቸውንም ተላጩ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የደረሰ ሰው የሚያደርገውን ሳይደርሱ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የወረደው የቁርአን ምዕራፍ ስሙ "አል-ፈትሕ" ነው፣ ድል ወይም መክፈት ማለት። በእኔ አስተያየት ስለ መድረስ ካነበብኩት ሁሉ ከዚህ የሚከብድ የለም። ሥርዓቱ ለመድረስ የተሠራ ነው፤ እዚህ ግን አለመድረስ ራሱ ሥርዓቱን ተቀበለ። የሕንዱ ሰው ብሎንም ምናልባት መዲና አጠገብ ሳይሆን እዚህ ነው የምትቆጠረው።

ነገር ግን ያው ሹመይሲ ለኢትዮጵያዊ ሌላ ስም ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ወደ አገራቸው እስኪመለሱ የሚያዙበት ማቆያ እዚያ ነው ያለው። ከቦሳሶና ከኦቦክ በጀልባ፣ ከየመን በእግራቸው ያን ሁሉ መካከል፣ ግመለኛው የሚያውቀውን ዓይነት መካከል፣ በአጥንታቸው ለክተው የመጡ ልጆች ናቸው። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያዊ ከዚህ አገር ተመልሷል። ከላይ መካከል የሌለው መድረስ ጎዶሎ ነው ብዬ ነበር። እነዚህ መካከሉን ሁሉ አሟልተው ሲያበቁ አልደረሳችሁም ተባሉ። ስለዚህ የግመለኛው ጠበቃ ሆኜ ያልኩትን ግማሹን ማንሳት አለብኝ፦ መከራ መንገድን አያበስልም፣ ወይም ሁልጊዜ አያበስልም። ሑደይቢያን ከሹመይሲ የሚለየው፣ በዚያኛው የተመለሰው ሰው የሚቀጥለው ዓመት ቀጠሮ በእጁ መኖሩ ነው።

መካ ውስጥ ሌላ ባቡር አለ፤ የሐጁን ስፍራዎች፣ ዓረፋትን፣ ሙዝደሊፋንና ሚናን የሚያገናኝ፣ በ2010 ሥራ የጀመረ፣ 18 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 9 ጣቢያ ያለው። የሚሠራው በሐጅ ሰሞን፣ አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው። የቀረውን ዓመት ይተኛል። ባለሙያ ሲሰማው ብክነት ይመስለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ ይህን ባቡር ነው የማከብረው። ሌሎቹ ባቡሮች ጊዜን ለማሸነፍ ሲሮጡ፣ እርሱ ጊዜው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ እንደ ጤፍ። እርሱም ቢሆን ጠዋፉን አይነካም። ከዕባን ሰባት ጊዜ የሚዞር ሰው ሐዲድ የለውም፣ ጣቢያ የለውም፣ የሚጨርሰውም የጀመረበት ማዕዘን ላይ ነው። ያን ሁሉ ቀጥ ያለ መንገድ የመጣ ሰው ሲደርስ የሚሰጠው ሥራ መዞር ነው።

በሦስተኛው ቀን እማማን ሱለይማንያ ጣቢያ ጠበቅኋቸው። እግራቸው አብጧል፣ ፊታቸው ግን ያበራል። እጃቸውን ይዤ ደረጃውን ካወረድኳቸው በኋላ አላስቻለኝም፤ "ለመሆኑ እማማ፣ በመጨረሻ የደረሱት የት ላይ ነው?" አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ። "አንተ ደግሞ! እስቲ መጀመሪያ ቤት ልድረስ።" ሻንጣቸውን ተቀብዬ ታክሲ ፍለጋ ወጣን።